የምናውቀው ነገር የምናስታውሰውን እንዴት ይቀርጸዋል?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ ማስታወስ ጥቂት ቃል እንድናገር የማኅበራችን የውይይት ኮሚቴ ዕድል ስለ ሰጠኝ አስቀድሜ አመሰግናለሁ። ይህን ርእስ የመረጥሁት የፈተና ሰሞን ስለ ተቃረበ ብቻ አይደለም። በግቢያችን ውስጥ ስለ ማስታወስ ሁለት አሳቦች ያለ ምንም ምርመራ ሲነገሩ ዘወትር እሰማለሁ። አንደኛው የሰው አእምሮ እንደ ጎተራ ነው፤ ብዙ የገባበት ይሞላል፤ ከሞላ በኋላ አዲስ ነገር አይቀበልም የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማስታወስ የወጣት ሀብት ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ጎተራው ያፈስሳል፤ ስለዚህ ሽማግሌ የተናገረውን ማመን አይገባም የሚለው ነው።

እነዚህን አሳቦች ዝም ብለን ብንቀበላቸው የሚያስከትሉት ጉዳት ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው የጥናታችንን መንገድ ያበላሻል። ሁለተኛው ከወላጆቻችንና ከአያቶቻችን ጋር ያለንን ግንኙነት፣ በፍርድ ቤት የሚሰማውን ምስክርነት፣ ለታሪክ ድርሰታችንም ከአረጋውያን የምንሰበስበውን ቃል ያበላሻል። ስለዚህ ዛሬ የማስረዳው ነገር ይህ ነው፤ የሰው ልጅ አዲስ ነገር የሚይዘው ቀድሞ በያዘው ነገር ነው፤ ይህም የቀደመ ዕውቀት በወጣትና በአረጋዊ ላይ የሚሠራው ሥራ በአንድ ወገን ረዳት፣ በሌላ ወገን አሳሳች ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ፤ በእኛ አቈጣጠር የሚሆነውን ግን ለይቼ እናገራለሁ።

ማስታወስን በሳይንስ መንገድ መመርመር የጀመረው ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ነው። መጽሐፉን ያወጣው በ1885 ነው። የመረመረው ሰው ሌላ አልነበረም፤ ራሱን ነበር። ኤቢንግሃውስ አንድ ነገር አስቸገረው። ቃላትን ቢያጠና አንዱ ቃል የሚታወቅ፣ ሌላው የማይታወቅ፣ አንዱ ደስ የሚያሰኝ፣ ሌላው የሚያሳዝን እየሆነ ልኩ ይዛባበታል። ስለዚህ ምንም ትርጉም የሌላቸው ወደ 2,300 የሚጠጉ አጫጭር ድምፆች አዘጋጅቶ እነዚያን በቃሉ ማጥናት ጀመረ። ያገኘውም ውጤት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ከድካሙ ከግማሽ የሚበልጠው ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ ግን መርሳቱ እየዘገየ ሄደ፤ ከአንድ ወር በኋላ አንድ አምስተኛ ያህል ቀርቶለት ነበር።

ነገር ግን ያው ኤቢንግሃውስ የእንግሊዛዊውን የባይረንን ግጥም ደግሞ በቃሉ አጥንቶ ነበር። ትርጉም ያለው ግጥም የጠየቀው ድካም ትርጉም የሌላቸው ድምፆች ከጠየቁት አንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ መሆኑን አገኘ። እንግዲህ ከዐሥር እጅ ዘጠኙን ያቀለለለት ማን ነው? ቋንቋውን ማወቁ፣ የግጥሙን ልክ ማወቁ፣ የታሪኩን አካሄድ ማወቁ ነው። ኤቢንግሃውስ ምርመራውን ለማጥራት ብሎ ወደ ውጭ የጣለው ነገር፣ ይኸውም የቀደመ ዕውቀት፣ ከነገሩ ሁሉ ትልቁ ነበር ማለት ነው።

ይህን የተጣለ ነገር አንሥቶ የመረመረው የካምብሪጁ ፍሬድሪክ ባርትሌት ነው። በ1932 ባሳተመው መጽሐፉ የሚከተለውን ይተርካል። ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የተገኘ አንድ ተረት ለእንግሊዛውያን አስነበበ። ተረቱ ስለ ሁለት ወጣቶች፣ ስለ ጦርነትና ስለ መናፍስት የሚናገር ነው፤ አካሄዱ ለእንግሊዛዊ ጆሮ እንግዳ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ ከዚያም ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ያነበቡትን እንዲጽፉ አደረገ። ተረቱ በየጊዜው እያጠረ ሄደ። ማጠሩ ብቻ ግን አይደለም፤ እየተለወጠም ሄደ። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚሠራው ታንኳ ተራ ጀልባ ሆነ፤ የባሕር አውሬ አደን ዓሣ ማጥመድ ሆነ፤ ለእንግሊዛዊው የማይገባው የመናፍስቱ ነገር ወይ ወደቀ፣ ወይም ምክንያት ተሰጠው። አንባቢዎቹ ዋሽተው አይደለም፤ በቅንነት የሚያስታውሱትን ጻፉ። የሚያስታውሱት ግን የሰሙትን ከሚያውቁት ጋር አስታርቀው ነበር። ባርትሌት ከዚህ ተነሥቶ ማስታወስ የተቀመጠን ዕቃ ማውጣት ሳይሆን በቀረ ፍርስራሽ ላይ እንደ ገና መገንባት ነው አለ። የግንባታውም ንድፍ የቀደመ ዕውቀታችን ነው። የእኛ ሰው «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ሲል ይህንኑ ነገር በዓይን በኩል ተናግሮታል፤ ያወቅነው ነገር የምናየውንም የምናስታውሰውንም ይቀርጸዋል።

የቀደመ ዕውቀት እንዴት እንደሚረዳ በቀጥታ ለማየት አሁን አንድ ጽሑፍ ላንብብላችሁ። እባካችሁ አዳምጡ፤

«ሥራው በአንድ ቀን አያልቅም። መጀመሪያ የሚበቃውን ያህል ትለካለህ። ከቀድሞው የተረፈውን ጥቂት ትጨምርበታለህ፤ ይህን ከረሳህ ነገሩ ይዘገያል። ከዚህ በኋላ መተው ነው፤ መነካካት አይገባም። ጊዜው ሲደርስ ከላይ ያለውን ትደፋለህ፤ ጥቂቱን ለይተህ በእሳት ካሳለፍህ በኋላ ወደ ቦታው ትመልሰዋለህ፤ እንደ ገና እስኪነሣም ትጠብቃለህ። የመጨረሻው ሥራ ፈጣን ነው። ከዳር ጀምረህ እየዞርህ ወደ መካከል ትደርሳለህ፤ ዓይኑ ሲወጣ ትከድናለህ፤ ጥቂት ቆይተህ ታወጣለህ።»

አንዳንዶቻችሁ ስትሥቁ አያለሁ። የሣቃችሁት ያወቃችሁት ናችሁ፤ የቀራችሁት ምን እንደሚባል ገና ትፈልጋላችሁ። ርእሱ «እንጀራ» ነው። ርእሱን ካወቃችሁ በኋላ እርሾው፣ ሊጡ፣ አብሲቱ፣ ምጣዱና አከምባሎው እያንዳንዱ በቦታው ይገባል። ይህን የመሰለ ምርመራ በ1972 ጆን ብራንስፎርድና ማርሲያ ጆንሰን የተባሉ አሜሪካውያን አድርገውታል፤ የእነርሱ ጽሑፍ ስለ ልብስ አጠባ ነበር። ለአንዳንዶቹ ሰሚዎች ርእሱን አስቀድመው ነገሩ፤ ለአንዳንዶቹ ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ነገሩ፤ ለሌሎቹ ጭራሽ አልነገሩም። አስቀድመው ርእሱን የሰሙት እጅግ የበለጠ አስታወሱ። በኋላ የሰሙት ግን ምንም ካልተነገራቸው ሰዎች አልተሻሉም። ይህን የመጨረሻውን ነገር ልብ በሉት፤ ወደ ጥናታችን ነገር ስንመጣ እመለስበታለሁ። ዕውቀት የሚረዳው ነገሩ በሚገባበት ሰዓት በሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የሰንጠረዥ ጨዋታ ነው፤ ዛሬ ቼዝ የምንለው ማለት ነው። ሆላንዳዊው አድሪያን ደ ግሮት ራሱ የታወቀ ተጫዋች ነበረ፤ በ1946 ባቀረበው ጽሑፍ ሊቅ የሆኑ ተጫዋቾች ለጥቂት ሴኮንድ ያዩትን የሰሌዳ አቀማመጥ በሚያስደንቅ ሁኔታ መልሰው እንደሚደረድሩ አሳየ። በ1973 ዊልያም ቼስና ኸርበርት ሳይመን ምርመራውን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወሰዱት። በእውነተኛ ጨዋታ መካከል የተገኘ አቀማመጥ ለአምስት ሴኮንድ ባሳዩ ጊዜ ሊቁ ከሃያ ከሚበልጡት ጠጠሮች 16 ያህሉን፣ ጀማሪው ግን 4 ያህሉን በቦታቸው መለሰ። ከዚያ ጠጠሮቹን እንዲያው ያለ ሥርዓት በትነው ባሳዩ ጊዜ የሊቁ ብልጫ ጠፋ ማለት ይቻላል። ሰውየው ያው ሰው ነው፤ አእምሮውም ያው አእምሮ ነው። የተለወጠው የሚያየው ነገር ከሚያውቀው ጋር መገናኘቱ ወይም አለመገናኘቱ ብቻ ነው። ሊቁ ጠጠር በጠጠር አያይም፤ የሚያውቃቸውን ቅርጾች በጅምላ ያያል።

እንግዲህ የጎተራው ምሳሌ እዚህ ላይ ይወድቃል። ጎተራ ቢሆን ኖሮ ብዙ የያዘ ሰው ጥቂት ብቻ በጨመረ ነበር። የምናየው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ስለ አንድ ነገር ብዙ የሚያውቅ ሰው ስለዚያው ነገር የበለጠ ይይዛል። አእምሮ የሚመስለው ጎተራን ሳይሆን ድርን ነው፤ ክሩ በበዛ ቍጥር የሚይዘው ይበዛል።

አሁን ወደ ዕድሜው ነገር እንለፍ። ዕድሜ ሲገፋ ምንም አይጠፋም ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። በየአገሩ የተደረጉት ምርመራዎች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ የአእምሮ ፍጥነት ከወጣትነት ጀምሮ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ የማይገናኙ ሁለት ነገሮችን አንድ አድርጎ መያዝ፣ ለምሳሌ የአዲስ ሰው ፊትና ስም፣ ለአረጋዊ ከወጣት ይልቅ ይከብዳል። በሌላ ወገን ደግሞ የቃላት ዕውቀት፣ ስለ ዓለምና ስለ ሰው ያለው አጠቃላይ ዕውቀት ዐዋቂ ከሆንንበት ጊዜ ጀምሮ እየጨመረ ይሄዳል፤ እስከ ስድሳዎቹ ዕድሜና ከዚያም በላይ ይጸናል። ሬይመንድ ካተል የተባለው ሊቅ ስለዚህ የአእምሮን ችሎታ ሁለት ወገን አደረገው፤ አንደኛው አዲስ ችግር የሚፈታበት ፈሳሽ ችሎታ ነው፤ ሁለተኛው በትምህርትና በኑሮ የተከማቸ የረጋ ችሎታ ነው። ወጣት በመጀመሪያው ይበልጣል፤ አረጋዊ በሁለተኛው ይበልጣል።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፤ የረጋው ሀብት የፈሳሹን ጉድለት ሊሞላ ይችላል ወይ? በ2005 አለን ካስቴል ያወጣው ምርመራ ለዚህ ጥያቄ የሚበጅ ነው፤ ለእኛም ለገበያተኞቹ ልጆች ቅርብ ነው። ለወጣቶችና ለአረጋውያን የምግብ ሸቀጦችን ከነዋጋቸው አሳየ። ግማሾቹ ዋጋቸው ገበያው የሚያውቀው ትክክለኛ ዋጋ ነበር፤ ግማሾቹ ግን ከገበያው የራቀ እንግዳ ዋጋ ተለጥፎባቸው ነበር። ኋላ ዋጋውን ሲጠይቃቸው እንግዳውን ዋጋ በማስታወስ ወጣቶቹ በለጡ። ትክክለኛውን ዋጋ በማስታወስ ግን አረጋውያኑ ከወጣቶቹ አላነሱም። ሁለቱም የተጠየቁት ቍጥር ነው፤ ቍጥር ደግሞ ከባድ ነገር ነው ይባላል። ሆኖም ቍጥሩ በኑሮ ከታወቀው ጋር ሲስማማ የዕድሜው ልዩነት ጠፋ። ከዚያ ቀደም ሞሼ ናቬ ቤንጃሚን በጥንድ ቃላት ተመሳሳይ ነገር አሳይቶ ነበር፤ ጥንዱ የማይገናኙ ቃላት ሲሆኑ የአረጋውያን ጉድለት ሰፊ ይሆናል፤ የሚገናኙ ሲሆኑ ግን ይጠባል።

ከማስታወስ ወጣ ብለን ወደ ሥራ ብንመለከት ያው ነገር ይታያል። ቲሞቲ ሶልትሃውስ በ1984 ዕድሜያቸው ከ19 እስከ 72 የሆነ የጽሕፈት መኪና ጸሐፊዎችን መረመረ። አረጋውያኑ ጣታቸውን በማንቀሳቀስም ለምልክት መልስ በመስጠትም ዘገምተኛ ሆነው ተገኙ። በጽሕፈታቸው ፍጥነት ግን ከወጣቶቹ አላነሱም። ምሥጢሩ ምንድን ነው? ዓይናቸው ከጣታቸው ቀድሞ ከወጣቶቹ ይልቅ ራቅ ያለውን ፊደል ያነብ ነበር። የእጃቸውን መዘግየት በዓይናቸው አርቆ ማየት ካሡት። በሰንጠረዡም ጨዋታ ኒል ቻርነስ በ1981 የተጠጋውን ነገር አገኘ፤ እኩል ችሎታ ካላቸው ተጫዋቾች መካከል አረጋውያኑ ያዩትን አቀማመጥ መልሰው በማስታወስ ከወጣቶቹ አነሱ፤ የሚመርጡት እርምጃ ግን ከወጣቶቹ እርምጃ የሚያንስ አልነበረም፤ እንዲያውም ብዙ መንገድ ሳይመረምሩ እዚያው ደረሱ። ይህ የመጨረሻው ምርመራ ጥንቃቄ ያስተምረናል። ዕውቀት የዕድሜን ጉድለት ሁሉ አይደመስስም፤ ግን ሥራው እንዳይበላሽ ብዙ ጊዜ ይጠብቃል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ረዳትነቱ ነው። አሁን ስለ አሳሳችነቱ ልናገር። ሌላ ትንሽ ምርመራ እናድርግ። እነዚህን ቃላት ስሙ፤ አልጋ፣ ትራስ፣ ሌሊት፣ ሕልም፣ ብርድ ልብስ፣ ማዛጋት፣ ማንኮራፋት፣ ድካም፣ ጨለማ፣ መንቃት። ጥቂት ቆይቼ የሰማችሁትን ጻፉ ብላችሁ ከመካከላችሁ ብዙዎቹ «እንቅልፍ» ብላችሁ በጻፋችሁ ነበር። እኔ ግን «እንቅልፍ» አላልሁም። የዚህ ዓይነት ዝርዝር መጀመሪያ በጄምስ ዲዝ በ1959፣ ኋላም በሄንሪ ሮዲገርና በካትሊን ማክደርሞት በ1995 ተመርምሯል። ሰዎቹ ያልተባለውን ቃል በርግጠኝነት ሰማን ይላሉ። በሌላ ምርመራ በ1981 ዊልያም ብሩወርና ጄምስ ትሬየንስ ሰዎችን በአንድ የዩኒቨርሲቲ ቢሮ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ አስቀምጠው ኋላ ያዩትን ዕቃ ጠየቋቸው፤ በክፍሉ ውስጥ መጽሐፍ ሳይኖር መጽሐፍ አየን ያሉ ሰዎች ተገኙ። የምሁር ቢሮ ያለ መጽሐፍ አይሆንም ብሎ ዕውቀታቸው በራሱ አስቀመጠላቸው።

ይህ ስሕተት በወጣትም በአረጋዊም ይገኛል። ዳሩ ግን በአረጋውያን ዘንድ የሚበረታበት ጊዜ አለ። በ1997 ዊልማ ኩትስታልና ዳንኤል ሻክተር ብዙ ሥዕሎችን፣ ለምሳሌ ብዙ ዓይነት ጫማ ወይም ብዙ ዓይነት ድመት፣ ለወጣቶችና ለአረጋውያን አሳዩ። ኋላም ያልታየ ግን የሚመሳሰል ሥዕል ጨምረው ጠየቁ። አረጋውያኑ ያልታየውን አይተነዋል የማለታቸው ነገር ከወጣቶቹ በጣም በለጠ። ምክንያቱ ይህ ነው፤ የነገሩን ጭብጥ በደኅና ይይዛሉ፤ የአንዱን ሥዕል ልዩ ምልክት ግን ያጣሉ። ልዩ ምልክቱ በጠፋበት ቦታ ጭብጡ ገብቶ ይናገራል።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው አረጋዊ በቀላሉ ይታለላል» የሚል ሰው ቢኖር ይቸኩላል። በ2012 ሻርዳ ኡማናትና ኤልሳቤጥ ማርሽ ባወጡት ምርመራ ወጣቶችና አረጋውያን ታሪክ አነበቡ፤ በታሪኩ ውስጥ ስለ ዓለም የሚናገሩ የተሳሳቱ ነገሮች ሆን ተብሎ ገብተው ነበር። ኋላ አጠቃላይ ዕውቀት ሲጠየቁ የታሪኩን ስሕተት መልስ አድርገው በመስጠት አረጋውያኑ ከወጣቶቹ ያነሱ ሆኑ። ሥር የሰደደው ዕውቀታቸው የትናንቱን ስሕተት መከተው። እንግዲህ አንድ ዕውቀት በአንድ ቦታ ያሳስታል፤ በሌላ ቦታ ከስሕተት ያድናል። ሕጉን በአጭሩ ብናስቀምጠው ይህን ይመስላል፤ የሆነው ነገር ሊሆን ይገባል ብለን ከምናውቀው ጋር ሲስማማ ዕውቀት ይረዳል፤ ሳይስማማ ሲቀርና የነገሩ ልዩ ምልክት በደንብ ሳይያዝ ሲቀር ዕውቀት ያሳስታል።

ውድ ጓደኞቼ፤ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ሦስት ነገር ላመልክት።

የመጀመሪያው ስለ ጥናታችን ነው። በ1988 ዶና ሬክትና ሎረን ሌስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች 64 አሜሪካውያን ተማሪዎችን ቤዝቦል ስለ ተባለው ጨዋታ የሚናገር ጽሑፍ አስነበቡ። ንባብ የማይሆንላቸው ግን ጨዋታውን የሚያውቁ ልጆች፣ ንባብ ከሚሆንላቸው ግን ጨዋታውን ከማያውቁት በልጠው ተገኙ። ይህን ውጤት ወደ እኛ ክፍል አምጡት። ከመማሪያ መጻሕፍታችን ብዙዎቹ የተጻፉት በሌላ አገር፣ ለሌላ አገር ልጅ ነው። ምሳሌው የሚነግረን ስለማናውቀው ጨዋታ፣ ስለማናውቀው ባንክ፣ ስለማናውቀው የአየር ጠባይ ነው። ተማሪው ያልገባው ትምህርቱ ይሁን ምሳሌው ለይቶ ሳያውቅ «እኔ ለዚህ ትምህርት አልተፈጠርሁም» ብሎ ተስፋ ይቈርጣል። የቀረው ምርጫ ሽምደዳ ብቻ ይሆናል። ይህ የአእምሮ ድክመት አይደለም፤ ክሩ የሚታሰርበት ካስማ ማጣት ነው። ስለዚህ መምህሮቻችንን በአክብሮት የምንለምነው፣ አዲሱን ነገር ከማቅረባቸው በፊት እኛ ከምናውቀው ነገር ላይ አንድ ካስማ እንዲተክሉልን ነው፤ የወለድን ነገር በዕቁብና በብድር፣ የኬሚስትሪን ነገር በጠላና በእርሾ ማስጀመር ትምህርቱን አያዋርደውም። እኛም በበኩላችን ምዕራፉን ከማንበባችን በፊት ርእሶቹን አይተን «ስለዚህ ነገር ምን አውቃለሁ?» ብለን እንጠይቅ። ርእሱን አስቀድመው የሰሙት እንጂ በኋላ የሰሙት አልተጠቀሙም ብያችሁ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ እንዲህ ብሎ ሊከራከረኝ ይችላል፤ «የቤተ ክህነት ተማሪ ዳዊትን በግዕዝ የሚደግመው ትርጉሙን ሳያውቅ በልጅነቱ ነው፤ ትርጓሜውን የሚያገኘው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እንግዲያው ትርጉም በኋላ መጥቶ እንዴት ጠቀመው?» ክርክሩ መልካም ነው። መልሱም በራሱ ውስጥ አለ። ያ ተማሪ ቃሉን አንዳች ሳያስቀር ይዞታል፤ የያዘውም በአንድ ሌሊት ሳይሆን በዓመታት ድካም ነው። ትርጓሜው ሲመጣ የሚመለስበት ሙሉ ቃል ያገኛል፤ ያ ቃል ራሱ የቀደመ ዕውቀት ሆኖ ይጠብቀዋል። ወደ ቅኔ ቤት ሲገባም በዚያ ላይ የዜማውን ልክ፣ ሰዋስዉንና ምሥጢሩን ይጨምራል። እኛ ግን በፈተናው ዋዜማ ሌሊት የምናደርገው ሽምደዳ ሙሉውን ቃልም አይዝ፣ ትርጉሙንም አይዝ። የኤቢንግሃውስን ድምፆች ይመስላል፤ የሚጠፋውም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ሽምደዳችንን በአባቶቻችን ትምህርት ለማስመካኘት አንችልም።

ሁለተኛው ከአረጋውያን ስለምንሰበስበው ቃል ነው። ከመካከላችን ለታሪክ፣ ለሕግ ወይም ለሥነ ጽሑፍ ድርሰት ወደ ገጠርም ሆነ በከተማው ውስጥ ወደ ሽማግሌዎች የሚሄዱ አሉ። የ1966 ዓ.ም. አብዮት በፈነዳ ጊዜ ዐዋቂ የነበረ ሰው ዛሬ ሰባውን ዓመት አልፏል፤ ጊዜው አይጠብቀንም። ነገር ግን ስንጠይቅ ሁለት ነገር እንለይ። አንደኛው «ይደረግ የነበረው» ነው፤ ሠርግ እንዴት ይደገስ ነበር፣ ግብር እንዴት ይከፈል ነበር፣ ሙግት እንዴት ይካሄድ ነበር። እዚህ ላይ የአረጋዊው የረጋ ዕውቀት የታመነ ነው፤ ከእኛ መጻሕፍትም ሊበልጥ ይችላል። ሁለተኛው «በዚያን ቀን የተደረገው» ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ «ይደረግ የነበረው» ሳይታወቅ «በዚያን ቀን የተደረገውን» ቦታ ሊይዝ ይችላልና። ከተለመደው የሚወጣ ነገር ሲነግሩን ግን ብዕራችንን እናቅና፤ ልማድ ያንን ፈጥሮ ሊያስቀምጥ አይችልምና ክብደት ይሰጠዋል። ዓመተ ምሕረትን በደረቁ ከመጠየቅም «ከድርቁ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የበኵር ልጅዎ ተወልዶ ነበር?» ብሎ ከሚያውቁት ጋር አያይዞ መጠየቅ ይሻላል። መልሱን በጥያቄያችን ውስጥ አናስቀምጥ፤ አንዱንም ቃል በሌላ ሰው ቃል እንመዝን። በፍርድ ቤት ምስክር የሚሰሙ የሕግ ጓደኞቻችንም ይህን ቢያስቡት መልካም ነው። ቅን ምስክር ሁሉ ትክክለኛ ምስክር አይደለም፤ የተሳሳተ ምስክርም ሁሉ ሐሰተኛ አይደለም። ይህም ለሽማግሌው ብቻ የሚነገር አይደለም፤ ቢሮው ውስጥ የሌለ መጽሐፍ ያዩት ወጣቶች ነበሩ።

ሦስተኛው ስለ ቤታችን ነው። ከእኛ ብዙዎቹ እናትና አባት፣ አያትም አሉን። የስልክ ቍጥር ረሱ፣ የሐኪም ቀጠሮ ሳቱ ብለን ስንቈጣ፣ የጠየቅናቸው ነገር ሁሉ ከምንም ጋር ያልተያያዘ ቍጥር መሆኑን አንመለከትም። «መድኀኒቱን በቀን ሁለት ጊዜ» ከማለት «ከጧቱ ቡና ጋር አንድ፣ ከራት በኋላ አንድ» ብንላቸው አዲሱ ነገር በዕድሜ ልክ ልማድ ላይ ይታሰራል። በእርግጥ የሚያውቁትን መንገድ የሚያሳጣ፣ የልጅን ስም የሚያስረሳ መርሳት ሌላ ነው፤ እርሱ የእርጅና ሕግ ሳይሆን የበሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ዘንድ መውሰድ ይገባል። «አርጅተው ነው» ብሎ መተው በሽተኛውን መበደል ነው፤ ጤነኛውን ደግሞ «አርጅተዋል» ብሎ ከምክር ማራቅ ራስን መበደል ነው።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል። እኛ ወጣቶቹ በዚህ ተረት አንደሰትም፤ የምንደሰትበትም ምክንያት የለም። አዲስ ነገር ፈጥኖ በመያዝ፣ እንግዳውን ዋጋ በማስታወስ፣ የአንዱን ነገር ልዩ ምልክት በመለየት እኛ እንበልጣለን፤ ይህን ከላይ የጠቀስኋቸው ምርመራዎች መስክረዋል። ነገር ግን ፍጥነታችን የሚያሥረው ክር የሚገኘው ከዕውቀት ነው፤ ዕውቀትም ጊዜ ይጠይቃል። በሃያ ዓመታችን ዛሬ የምንሰበስበው ነገር በሰባ ዓመታችን የምንደገፍበት ምርኩዝ መሆኑን ብናስብ፣ ለፈተና ብቻ አጥንቶ በማግሥቱ መርሳት ምን ያህል ኪሳራ እንደ ሆነ ይገባናል።

አሁን ውይይቱ የእናንተ ነው። በተለይ መምህሮቻችን የቀደመ ዕውቀታችንን ሳያውቁ እንዴት ሊጀምሩልን እንደሚችሉ፣ እኛስ እንዴት ልናሳውቃቸው እንደምንችል አሳብ ብንለዋወጥ ምሽታችን ፍሬ ይኖረዋል።